ሸክላ ሠሪው ሚስተር ታዳሺ

የሚስተር ታዳሺን መሞት የሰማሁት ለመተርጎም ተጠርቼ ነው።

አሁን የምሠራው አራት ኪሎ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልክ ትፈለጊያለሽ ተብዬ ስወርድ፣ ደዋዩ የድሮ አለቃዬ ጓድ ሽመልስ ሆኖ አገኘሁት። «ከጃፓን ደብዳቤ መጥቶልናል፤ የሚያነብልን ሰው የለም። በምሳ ሰዓት ብቅ በይ» አለኝ። ማን እንደጻፈው ስጠይቀው «የኢንጂነሩ ልጅ ትመስለኛለች» አለ።

በእግሬ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። የእደ ጥበብ ማዕከሉ እንደ ድሮው ነው፤ ጣሊያን ትቶት የሄደ ትልቅ ጋራዥ፣ ከፊቱ ሸማኔዎች፣ ከጎኑ አናጺዎች፣ ከኋላው ደግሞ ወደ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የሚያቆለቁል ግቢ። ጓድ ሽመልስ ደብዳቤውን ሰጠኝና ቆሜ አነበብኩት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አባቷ ለረጅም ጊዜ ታመው ከጥቂት ወራት በፊት ማረፋቸውን ይናገራል።

«ነፍሱን ይማረው» አለ ጓድ ሽመልስ፤ ከዚያ ማን እንደሰማው ለማየት ወደ በሩ ዞር አለ። እስክሪብቶውን አንስቶ ለማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሆን ነገር መጻፍ ጀመረ። ከማዶ ቆሜም ቢሆን ጽሑፉ ይነበብልኛል። «ለማዕከላችን ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከቱት ኢንጂነር ታዳሺ…»

ኢንጂነር። ያቺን ቃል እዚያ ቦታ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ሰውየው ኢንጂነር አልነበሩም፤ አንድ ቀንም ነኝ ብለው አያውቁም። ቃሏን ሳይ ከማዘኔ በፊት ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለይቼ አላውቀውም። ወደ ሁለተኛው ገጽ እመለስበታለሁ። እሱ የሚገባው ሰውየውን ላወቀ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩት በጂኦግራፊ ነው። ምደባ ሲወጣ የእደ ጥበብ ማዕከል ደረሰኝ። መዝገብ ቤት እቀመጣለሁ ብዬ ሳስብ «እንግሊዝኛ ትችያለሽ አይደል?» ተባልኩና ለአንድ ጃፓናዊ ባለሙያ አስተርጓሚ ሆንኩ። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን የማላወጣ ልጅ ነበርኩ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ከብዶኝ አልፌ ወርጄ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት አሉ። እኔን ለሌላ ሰው አፍ አደረጉኝ።

ሚስተር ታዳሺ የመጡ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰልፏል። አጭር፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ የኮታቸው እጅጌ የረዘመባቸው ሰው ነበሩ። ጓድ ሽመልስ ጨበጣቸውና «በሴራሚክ ኢንጂነሪንግ ስንት ዓመት እንዳገለገሉ ጠይቂልኝ» አለኝ። ጠየቅኳቸው። እሳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛ መለሱልኝ፤ ኢንጂነር አይደለሁም፣ ሸክላ ነው የምሠራው፣ አባቴም ሸክላ ይሠራ ነበር፣ የአባቴም አባት እንዲሁ። ይህን ሲሉ ሌላ ሰው የዘር ሐረጉን ሲቆጥር እንደሚኮራው ኮርተው ነው።

እኔ ደግሞ አፌ ተሳሰረ። ሸክላ ሠሪ የሚለው ቃል ባደግኩበት ሰፈር ከሰው ጀርባ የሚወረወር ቃል ነበር። ገንቦ ልትሸጥ የመጣች ሴት ውሃ ስትለምን የምትጠጣበት ጣሳ ለብቻው፣ ከበር ኋላ ይቀመጥ ነበር። ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳን ሰው ሁሉ ፊት እንዴት ብዬ በዚያ ስም ልጥራው? «የረጅም ጊዜ ባለሙያ ነኝ ይላሉ» አልኩ። ጓድ ሽመልስ አጨበጨበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በደብዳቤው፣ በስብሰባው፣ በበሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ሁሉ ኢንጂነር ታዳሺ ሆኑ።

ከሰልፉ ኋላ አራቱ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ቆመዋል። ታላቋ እትዬ በላይነሽ የሰውየውን እጅ አይታ ለጎረቤቷ «ኢንጂነር ጥፍሩ ውስጥ ጭቃ ምን ይሠራል?» ስትል ሰማኋት። እትዬ በላይነሽን አንቱ ስላት «አታስረጂኝ» ትለኝ ስለነበር አንቺ ነው የምላት። ከማዕከሉ ሰው ሁሉ እውነቱን በአንድ እይታ ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከሚስተር ታዳሺ ጋር መዋል አድካሚ ነበር። ማንኛውንም ዕቃ ሲያዩ መጀመሪያ ይገለብጡታል። ስኒም ይሁን ድስት፣ ሌላ ሰው አፉን ሲያይ እሳቸው መቀመጫውን ነው የሚያዩት። ሠሪው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ማንም በማያየው በኩል ነው ይሉ ነበር። አንድ ቀን ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ ማኪያቶ አዘዝን። ስኒውን ከነማኪያቶው ከአናታቸው በላይ አንስተው ከሥር ማየት ጀመሩ። ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። አስተናጋጁ «እህቴ፣ ሰውዬው ማኪያቶ ነው ያዘዘው ሻወር?» አለኝ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔ ከመቀመጫዬ ሥር ብገባ በወደድኩ። እሳቸው ስኒውን አስቀመጡና ለአስተናጋጁ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፤ ከዚያ «ገና» አሉ።

«ገና» የመጀመሪያዋ አማርኛቸው ናት። ከእትዬ በላይነሽ ነው የተማሯት። ጭቃው ደርሷል ወይ ሲሏቸው ገና፣ ምሳ በልተዋል ሲሏቸው ገና፣ አዲስ አበባን ወደዷት ሲሏቸውም ገና። መንገድ ላይ ልጆች «ኮሪያ፣ ኮሪያ» እያሉ ሲከተሏቸው በየቀኑ ሳይሰለቹ ዞር ብለው «ጃፓን» ይላሉ። ልጆቹም ሳይሰለቹ «እሺ ቻይና» ይሏቸዋል።

ችግሩ የመጣው ከሥራው ነው። ጓድ ሽመልስ ለመሥሪያ ቤቶች የሻይ ክበብ የሚሆኑ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ፣ ጆሮ ያላቸው ስኒዎች በዓመታዊ ዕቅዱ ውስጥ አስገብቷል። ሚስተር ታዳሺ ደግሞ መጀመሪያ ጭቃውን ማወቅ አለብኝ አሉ። ጭቃውን ለማወቅ ሦስት ወር ፈጀባቸው። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜአለሁ።

«በይው፣ ዕቅዱ ቀልድ አይደለም፤ እስከ አብዮት በዓል አምስት መቶ ስኒ እፈልጋለሁ» ይላል ጓድ ሽመልስ።

እኔ በእንግሊዝኛ፣ ብዙ ስኒ ቢኖር ደስ እንደሚለው ነው የሚናገረው እላለሁ።

ሚስተር ታዳሺ፣ እነዚህ ዕቃዎች የሞቱ ናቸው፣ ለፋብሪካ ይስጣቸው ይላሉ።

እኔ በአማርኛ «መሻሻል የሚችል ሐሳብ ነው ይላሉ» እላለሁ።

ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ሰው እንዳይጋጭ የማደርገው መልካም ሥራ ይመስለኝ ነበር። እያንዳንዳቸው ሌላው የተስማማ መስሏቸው እየተለያዩ በሄዱ ቁጥር እኔ ወደ ቤቴ የምገባው በሰላም ያለፈ ቀን ቆጥሬ ነው።

ከእትዬ በላይነሽ ጋር ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ጭቃውን በእጇ እያዞረች ትሠራለች፤ እሳቸው በእግር የሚሽከረከረውን ጠረጴዛቸውን ትተው አጠገቧ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። እሷ ጣቷን ስታረጥብ ያያሉ፤ እሳቸው ሲሠሩ እሷ ታያለች። መሠረተ ትምህርት ፊደል ካስቆጠራት ወዲህ እትዬ በላይነሽ በሠራችው ሸክላ ሁሉ መቀመጫ ላይ ስሟን በስንጥር ትጭር ነበር። ዕቃ መገልበጥ የሚወዱት ሰው ይህን ሲያገኙ ጣታቸውን በእያንዳንዷ ፊደል ላይ አሳለፉ። አንዳንዴ ሁለቱ በአንድ ነገር ይስቃሉ። እኔ መካከላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም። ቋንቋ የማውቀው እኔ፣ የሚግባቡት እነሱ።

ጓሮው ውስጥ በገዛ እጃቸው እቶን ገነቡ። የአገራችን ሴቶች ሸክላ የሚተኩሱት ሜዳ ላይ ነው፤ የእሳቸው ግን ጉልላት ያለው፣ ውስጡ ሰው የሚያስጎነብስ የጡብ ቤት ነበር። ስኒዎቹን የባሕር ዛፍ አመድ በውሃ በጥብጠው ይቀቧቸዋል፤ እሳቱ ሲበረታ አመዱ ቀልጦ ብርጭቆ ይሆናል ብለው ነገሩኝ። በመጀመሪያው ተኩስ ሁሉም ተሰነጠቀ። በሁለተኛው የእቶኑ ጣሪያ ወደቀ። የተረፉትን ጥቂት ዕቃዎች እያንዳንዳቸውን ገለበጡ፣ አዩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ሰበሯቸው።

እትዬ በላይነሽ መሐረቧን ከራሷ ላይ አወለቀች። «በይ ንገሪው። ይሄ ሰውዬ አብዷል በይው። ወጥ የሚያኖር ዕቃ ደህናውን ይሰብራል?»

«ለጠፋው ድካም አዝናለች» አልኳቸው።

ሚስተር ታዳሺ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። «ያን ያህል አጭር ነገር አይደለም የተናገረችው» አሉኝ። ፊቴ ጋለ።

ከሦስተኛው ተኩስ አርባ ዕቃ ወጣ። ሠላሳ ዘጠኙን እንደ ቀድሞው ገልብጠው አይተው ሰበሯቸው። አንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ፤ ለብዙ ጊዜም አልተነሱም። ጆሮ የሌለው፣ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይያዝ፣ ከተራ ስኒ የሰፋ የሻይ መጠጫ ነው። ቀለሙ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይመስላል። አመዱ በአንድ ጎኑ ወርዶ ወርዶ መሐል ላይ እንደ ላብ ጠብታ ቆሟል። ከሥሩ ምንም ያልተቀባው የአገራችን ቀይ ጭቃ ይታያል። ወደ አንድ ጎን ትንሽ ዘንበል ብሏል።

ሰጡኝ። ያዝኩት። አውራ ጣቴ ሳልፈልገው አንድ ጎድጎድ ያለ ቦታ ውስጥ ገባ፤ የእሳቸው አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ነው። ከዚያ በላይ ምንም አልታየኝም። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም እንደዚያ ቀን የሚያናድደኝ የለም፤ አንድ ሰው ዕድሜውን የሰጠበትን ነገር በእጄ አስይዞኝ ያየሁት የተንጋደደ ስኒ ነው።

«በጣም ቆንጆ ነው» አልኩ።

«አንቺ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው ትያለሽ» አሉኝና ሳቁ።

ጓድ ሽመልስ ሲያየው «ጆሮው የታለ?» አለ። ከዚያም «ተንጋዷል እኮ» አለ። ግን ጊዜ አልነበረውም። በማግስቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች ሊመጡ ነው። የሸክላ ክፍሉ እንዲቀጥልና አራቱ ሴቶች በቋሚነት እንዲቀጠሩ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እትዬ በላይነሽ እስከዚያ ድረስ በቀን ሠራተኝነት ነበረች፤ ነይ ሲሏት የምትመጣ፣ ሂጂ ሲሏት የምትሄድ። ሚስተር ታዳሺ ጠረጴዛው ላይ አንዱን ብቻ አስቀምጠን ለእንግዶቹ ሻይ እንቀዳበታለን አሉ። ጓድ ሽመልስ እሺ ያለው ሌላ የሚያሳየው ስለሌለው ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እትዬ በላይነሽ እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ያ ስኒ መቼ ነው የሚሟሸው?»

አዲስ ሸክላ እንደወጣ ሥራ ላይ እንደማይውል እኔም አውቃለሁ። ፍም ላይ ይሞቃል፣ በተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሻል፣ ዘይቱን ጠጥቶ ቀዳዳው ሁሉ እስኪደፈን ይጠበቃል። የማያሟሽ ሰው የለም።

«እንጃ» አልኳት።

«ያልተሟሸ ሸክላ ያፈሳል። ነገ እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ፊት ሻይ ተቀድቶበት ጠረጴዛው ላይ ቢያፈስ የማን ሥራ ነው የሚባለው? የኛ ነው። ሂጂ ጠይቂው፤ ለምን አላሟሸውም በይው።»

ሚስተር ታዳሺ ከግቢው ማዶ ነበሩ፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አልሄድኩም። አንድን አዋቂ ሰው፣ የትኛዋም ባለቤት የምታውቀውን ነገር ረስተዋል ወይ ብዬ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ብጠይቃቸው ኖሮ ጃፓን ውስጥ የእነሱ ዓይነት ሸክላ ብርጭቆ ለብሶ ስለሚወጣ ፍም ላይ እንደማይቀመጥ ይነግሩኝ ነበር። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው።

«ጊዜ አላገኙም መሰለኝ» አልኳት።

«ውይ፣ ሲደክም ነው የከረመው» አለች። በቃ።

በማግስቱ ጠዋት የግቢውን በር ስገፋ የጎመን ዘር ሽታ ተቀበለኝ። እትዬ በላይነሽ ከሁላችንም ቀድማ ገብታለች። ፍም አቀጣጥላ፣ ስኒውን አሙቃ፣ አሽታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ እያበሰችው ነው። ውስጡ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ከከንፈሩ እስከ ሆዱ እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወርዷል።

«ትንሽ ጣ አለ እንጂ ዘይቱን በደንብ ጠጥቷል» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። የድካሙን እኩሌታ ያገዘችው መስሏታል።

ሚስተር ታዳሺ ከኋላዬ ገቡ። ስኒውን ከእጇ ወሰዱ። አሸተቱት። ገለበጡት። ከዚያ በጃፓንኛ መጮህ ጀመሩ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳላቸው አናውቅም ነበር። ሸማኔዎቹ ሥራቸውን ትተው መጡ፣ ጓድ ሽመልስም ከረባቱን እያሰረ ደረሰ።

«ምን እያለ ነው?»

«ጃፓንኛ አልችልም» አልኩ። ሁሉም የኔ ጥፋት እንደሆነ ሁሉ ያዩኝ ጀመር።

ጓድ ሽመልስ ስኒውን አየ። ፊቱ ተለወጠ። «እንግዳ በሚመጣበት ቀን? ይሄ ድንገት የሆነ ነገር አይደለም፤ አሻጥር ነው። ማን ነው ያደረገው?»

በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ከግቢ እስከ ቀበሌ፣ ከቀበሌ እስከማይታወቅ ቦታ የሚወስድ ቃል ነበር። ሸማኔዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እትዬ በላይነሽ ነጠላዋን በእጇ ጨብጣ ቆማለች፤ ነጠላዋ ላይ የጎመን ዘር ጥቁር አለ። ማንም ልብ አላለም፤ ልብ ለማለት ግን አንድ እይታ ይበቃ ነበር።

«ኢንጂነሩን ጠይቂው። ማን አደረገው?»

ጠየቅኳቸው። ሚስተር ታዳሺ ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ነበር። በእንግሊዝኛ፣ ይህች ሴት እሳት ላይ አስቀመጠችው አሉኝ፤ ለምን? ለምን እንዳደረገችው ጠይቂያት፣ ማወቅ እፈልጋለሁ አሉ።

ሁሉም አፌን ያያሉ። እኔ እድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

«ራሴ ነኝ ይላሉ» አልኩ። «ራሴ ነኝ፣ እሳት ላይ ረስቼው ነው የተሰነጠቀው ይላሉ።»

ሚስተር ታዳሺ አዩኝ። እትዬ በላይነሽን አዩ፤ ነጠላዋን አዩ። ከዚያ ወደ ጓድ ሽመልስ ዞረው ራሳቸውን አንዴ ነቀነቁ። እሳቸው ግን ለሁሉ ነገር ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ለሰላምታም፣ ለስድብም፣ ለዝናብም። ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው ያን ጊዜ ማወቅ አልቻልኩም። ለዓመታት ያሠቃየኝ ይኸው ነው።

እንግዶቹ መጡ፣ ባዶ ጠረጴዛ አዩ፣ ሄዱ። ሪፖርቱ «ባለሙያው ስህተት መፈጸማቸውን በራሳቸው አምነዋል» ይል ነበር። በወሩ ሚስተር ታዳሺ እንዲሄዱ ተወሰነ። ሴቶቹ ጥፋት ስላልተገኘባቸው በቋሚነት ተቀጠሩ፤ የሚሠሩት ግን የከሰል ምድጃ ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። እቶኑ ፈርሶ ጡቡ ለአጥር ዋለ። አሁንም ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚያወርደው በኩል ብትሄዱ አጥሩ ላይ አመድ የቀለጠባቸው የሚያብረቀርቁ ጡቦች ይታያሉ። ለምን እንደሚያብረቀርቁ የሚያውቅ የለም።

የሄዱ ቀን የምናገረውን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር። እኔ ነኝ፣ እርስዎ ያላሉትን ነው ያልኩት፣ ይቅርታ የሚል ነው። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ስኒውን በፎጣቸው ጠቅልለው እቅፋቸው ውስጥ ይዘውታል። ጨበጡኝ። እኔ «መልካም ጉዞ» አልኩ። እሳቸው «ገና» አሉና መኪናው ውስጥ ገቡ።

ይኸው ነው። አሁን ወደ ሁለተኛው ገጽ ልመለስ።

ጓድ ሽመልስ ማስታወቂያውን እየጻፈ «አንብቢልኝ፣ ቀጥይ» አለኝ።

«‹አባቴ ሸክላ ሠሪ ነበር› ነው የምትለው» አልኩ።

«እሺ፣ ኢንጂነር በይው።»

«አትልም። ሸክላ ሠሪ ነው የምትለው። እሳቸውም የመጡ ቀን የነገሩኝ ሸክላ ሠሪ ነኝ ብለው ነው። የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ ሰሌዳ ላይ ሸክላ ሠሪ ሞተ ብዬ ልለጥፍ? ለሰውየው ክብር አይደለም እንዴ?»

«ክብራቸው እሱ ነው» አልኩ። ጓድ ሽመልስ ሳቅ ብሎ መጻፉን ቀጠለ። ኢንጂነሯን አልነካትም። በማግስቱ የተለጠፈውም እንደዚያው ነው።

ልጅቷ የጻፈችው እንዲህ ነው። አባቷ እስከ መጨረሻቸው ድረስ ጠዋት ጠዋት ሻይ የሚጠጡት ከእናንተ ከተማ ባመጡት፣ ውስጡ በጠቆረ፣ ስንጥቅ ባለው ስኒ ነበር። እንዲህ ዓይነት ስኒ በአገራቸው ለብቻው በተሠራለት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ላይ የሠሪው ስም ይጻፋል። አባቷ ክዳኑ ላይ ሁለት ስም ጽፈዋል፤ አንዱ የራሳቸው ነው፣ ሌላውን ማንበብ አልቻልንም፣ የማን ነው? ብላ ከሥሩ አስመስላ ጽፋዋለች። እጁ በሚንቀጠቀጥ ሕፃን የተጻፈ ይመስላል፤ የ«ላ» እግር በተቃራኒው በኩል ወጥቷል። ግን ይነበባል። በላይነሽ ይላል።

ከዚያ በታች አንድ ጥያቄ አለ። የልጅ ልጆቹ ይህን ስኒ ማን ሰነጠቀው ብለው ሲጠይቁት አባቴ ይስቅና በእኛ ቋንቋ ያልሆኑ ሁለት ቃላት ይናገር ነበር፣ በጆሮዬ እንደሰማሁት ጽፌአቸዋለሁ፣ ትርጉማቸውን ብትነግሩኝ ትላለች። በላቲን ፊደል የጻፈችውን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩት።

ራሴ ነኝ።

ሳልጋበዝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጓድ ሽመልስ አንገቱን አስግጎ ሰማኝና በእርካታ ወደ ኋላ ተደገፈ። «አየሽ» አለ፣ «ጥፋቱን እስከ ዕለተ ሞቱ አመነ። ሐቀኛ ሰው ነበር።»

ምን ይባላል? ያን ቀን ገብቷቸው ነበር። ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ገብቷቸው ጨበጡኝ፣ ገብቷቸው መኪና ውስጥ ገቡ። እኔ ያንን የይቅርታ ወረቀት ለዓመታት ከቦርሳ ወደ ቦርሳ ሳዞር እሳቸው ሻይ እየጠጡ ይስቁ ነበር። አንዲት ቃል ቢጽፉልኝ ምን ነበረበት? በሞተ ሰው መናደድ ደግ አይደለም፤ እኔ ግን ተናድጃለሁ።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድኩ። እትዬ በላይነሽ ማዕከሉን ከለቀቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ቤቷ ደጃፍ ላይ ጀበናና ምድጃ ደርድራ ትሸጣለች። ሞታቸውን ነገርኳት። መሐረቧን ወደ ዓይኗ አወረደች። «ያን ቀን አድኖኛል» አለች።

«እሳቸው አይደሉም ራሴ ነኝ ያሉት» አልኳት። «እኔ ነኝ ያልኩት። እሳቸው ያሉት ሌላ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«እንደዚያ የተናደደ ሰው ራሴ ነኝ አይልም። ፊቱ ፊት ለፊቴ ነበር። አንቺ ግን መሬት መሬቱን ነበር የምታዪው።» ጀበና አንስታ አቧራውን ጠረገች። «ሰምቶሽ ዝም አለ፤ እሱም አይደል ማዳን።»

ሁለቱም ያውቁ ነበር። የማላውቀው አስተርጓሚዋ ብቻ ነበርኩ።

ስሟን አሳየኋት። የተገለበጠውን «ላ» በጣቷ ተከተለችና ፈገግ አለች። ከዚያ የቀረውን አነበብኩላት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«እና ያፈስ ነበር?» አለችኝ።

«በየጠዋቱ ይጠጡበት ነበር ነው የምትለው።»

«እሱንማ ሰማሁ። ያፈስ ነበር ወይ ነው የምልሽ።»

«እሱን አልጻፈችም።»

«ጠይቂያታ። መልስ ትጽፊላት የለ?»

«እጽፍላታለሁ። ሻይ ሲጠጡበት ምን ዓይነት ስሜት…»

«አይደለም» አለች። «ልክ እኔ እንዳልኩሽ ጠይቂልኝ። አታሳምሪው።»

መልሱን የጻፍኩት የዚያኑ ዕለት ነው። መጀመሪያ የሁለቱን ቃላት ትርጉም ጻፍኩላት፤ ቃላቱ በመጀመሪያ የእኔ እንደነበሩና ለምን እንዳልኳቸውም ጻፍኩ። ከዚያ አዲስ መስመር ጀመርኩ። በላይነሽ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ስኒው ያፈስ ነበር ወይ ብላ ትጠይቃለች አልኩ፤ ምንም አልጨመርኩበትም።